ለአንድ ካርድ ብቻ የተቆረጠ መዳብ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4። ከቀኑ 9፡20

ዘጠና አንድ ዲግሪ። ጠፋ።

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ። መጀመሪያ ፋኖቹ ያጓራሉ፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጸጥ። ከጠዋት ጀምሮ የተማረውን ሁሉ ይዞ ገደል ገባ። አብሬው ብገባ ደስ ባለኝ። ቀልዴን ነው።

ደብተሬ፣ አንቺ አይሞቅሽም፣ ታድለሽ። እኔ ከላዬ ቆርቆሮ፣ ከጎኔ ግራፊክስ ካርድ። ከእንግዲህ ግ/ካ እለዋለሁ፤ ያላበው እጅ ረጅም ቃል አይወድም። ሌሊት ለምን አታሠሪውም አትበይኝ። ሌሊት የሰፈራችን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያድራል፣ ባለፈው ፓወር ሰፕላዬን በላው። ስለዚህ ሥራው ቀን ነው። ቀን ደግሞ የአሶሳ መጋቢት ነው።

ለማን ብዬ ነው ይሄ ሁሉ? ለሀጂ ኸሊፋ። አከራዬ ነበሩ። አምና ዐረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በበርታኛ ተረት ሲነግሩኝ በስልኬ ቀዳኋቸው። አርባ ሰዓት ይሆናል። አሁን ኮምፒውተሩን እያስተማርኩት ነው፣ የሀጂን ድምፅ ሰምቶ በፊደል እንዲጽፍ። ማንም አላዘዘኝም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የማስተምረው ዳታቤዝ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ወጥቶ ድራፍት ይጠጣል፣ እኔ ይሄን አደርጋለሁ።

ዘጠና አንድ። ለቢኒ ልደውል።


አርብ፣ መጋቢት 5። ምሽት 1 ሰዓት

ቢኒ ታናሽ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ይጠግናል። ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። በዚያ አገር ሙቀት ፋን ምን ያደርግልሻል አለ፤ ትኩስ አየር ነው መልሰሽ የምትነፊበት። ውሃ አድርጊበት።

ወተር ብሎክ የሚባል ነገር አለ። የመዳብ ጠፍጣፋ ነው፣ የካርዱ ቺፕ ላይ ተለጥፎ በብሎን ይታሰራል። ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠነ መተላለፊያ አለው፣ ውሃው በዚያ ያልፋል። ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ልክ እንደ መኪና። ቢኒ ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ጓደኛ አለው። የትኛውን እንደምትፈልጊ ብቻ ወስኚ አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝውውሩስ? አለ። ወደ ደሴ ለመመለስ ሳመለክት ይሄ አራተኛዬ ነው። በዚህ ወር ዝርዝሩ ይወጣል ተብሏል። እስኪ አልኩት። ስድስት ዓመት "እስኪ" እያልኩ ነው የኖርኩት።

ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ሰፋብኝ። ሦስት በአራት ነው።


እሁድ፣ መጋቢት 7። ከቀኑ 10 ሰዓት

ትናንት ድምፄን የሰማሁት አንዴ ነው። ድመት ሳባርር።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆሜ ያወራሁት ሰው የለም። አብረን የተመደብነው ዘጠኝ ነበርን። አንዱ አገባ፣ አንዷ ተዛወረች፣ አንዱ ዝም ብሎ ጠፋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀሪ እኔ። ቤቴ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የሚታጠፍ ወንበር። አንድ ሰዓት ቢሰጠኝ ጠቅልዬ መናኸሪያ እገኛለሁ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይላሉ። ስድስት ዓመት የቆየውን ምን እንደሚሉት አልሰማሁም።

ከግድግዳው ወዲያ እማማ ሲቲና አሉ፣ የሀጂ ባለቤት። እኔ ሁዳዴ ላይ፣ እሳቸው ረመዳን ላይ። ሁለት ጾመኛ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አብረን ግን አንዲት ጉርሻ አልቆረስንም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲል በረንዳው ላይ ወጥተው ግድግዳዬን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ዚሩ አጠገብ። ዚሩ ትልቅ ጋን ነው፣ ላብ እያላበው ውሃ የሚያቀዘቅዝ። እዚህ ፍሪጅ ያለውም ቤት ዚር አለ። እዚያ የሚቀመጡት ጥላ ፈልገው ነው።

ዛሬ ስለ ማሽኑ ሙቀት ነገርኳቸው። የዚሩን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ ማሽኑን እዚህ ውስጥ ክተተው አሉኝ። ክተተው! ለእኔ ሁልጊዜ "አንተ" ነው የሚሉኝ። የአፍ መፍቻቸው በርታኛ ነው፣ በአማርኛ ወንድና ሴቱ ይምታታባቸዋል። የግቢ ሰዎች ሲሰሙ በሳቅ ፍርፍር ይላሉ፣ "መምህር አንተ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። አርሜያቸው አላውቅም። የፈተና ወረቀት አይደሉ።

ደግሞ፣ የማሽንህ ንፋስ መጥፎ ነው አሉኝ። ንፋሱ ምን አድርጓቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9። ከቀኑ 11፡30

ጋራዥ ሄጄ ነበር። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እነዚያን ቀጫጭን ጥርሶች በወር ይደፍናቸዋል። የተጣራ ውሃና ቱቦ ያለው መኪና የሚጠግን ሰው ጋ ነው ብዬ ኦቦ ገመቹ ጋ ሄድኩ። ከባምባሲ የመጡ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው።

የውሃ ብሎክ ልገጥም ነው አልኳቸው። ሞኖብሎክ? አሉ፣ የሞተር አካል መስሏቸው እጃቸውን ጠርገው ተነሡ። የማን መኪና ነው? የራሴ። ሞዴሉ? የካርዱን ቁጥር ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ መኪና ሰምተው አያውቁም፣ ቻይና ነው? አዎ ቻይና ነው አልኩ፣ እውነቴን ነው። ዘይትና ውሃ ቀላቅሏል? አልቀላቀለም። ተሰንጥቋል? አልተሰነጠቀም፣ ይግላል እንጂ። ስንት ሊትር ውሃ ይይዛል? ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው ስላቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ሞተር ሳይክልም አይደለም» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። እሳቸው ሳቁ፣ ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሲበቃቸው ግን ቁም ነገር ነገሩኝ፦ መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ አታገናኚ፣ ውሃው ውስጥ አንዱ አንዱን ይበላዋል። ብሎኩ መዳብ ከሆነ ራዲያተሩም መዳብ ይሁን። የባትሪ ውሃም አዘጋጁልኝ። አሲዱ እንዳይሆን ሁለቴ አሸተቱት።

መንገድ ላይ ሳቁ አለቀ። ማታ ለማን እንደምነግረው ሳስብ ነው ያለቀው። አንቺ አለሽ፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን አትስቂም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11። ምሽት 12፡30

ቢኒ የሁለት ብሎክ ፎቶ ላከ።

ትንሹ ቺፑን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ለማንኛውም ካርድ ይሆናል፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ብሎኑን ፈትተሽ ሌላ ላይ። ግን ዙሪያውን ያሉት የሜሞሪ ቺፖች ራቁታቸውን ይቀራሉ፣ ለእነሱ ያው ፋን ያስፈልጋል። ጩኸቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

ሙሉው ግን ከዳር እስከ ዳር ነው። ቺፑን፣ ሜሞሪውን፣ የኃይል ክፍሉን፣ ሁሉንም ያለብሳል። ካርዱ ላይ ፋን የሚባል አይቀርም። ጣጣው፣ የተቆረጠው ለአንድ ዓይነት ሰሌዳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሌላ ካርድ ላይ አንዲት ብሎን አትገባለትም። እሱን ለመግጠም ደግሞ የካርዱን የራሱን ማቀዝቀዣ ልገነጥል ነው፣ ከሥሩ ያለው ልጥፍ ይቀደዳል፣ መመለስ የለም። ውሃ የሞላው ኮምፒውተር አውቶብስ ላይ ይጫናል? ነቀምቴ ሳይደርስ ያፈሳል። እሱን ከገጠምሽ እዚያው ነሽ አለ ቢኒ። እሱ የሚለው ትንሹን ነው። ትሄጂ የለ እንዴ?

ካርዱን ፈታሁት፣ የሰሌዳውን ቁጥር ላነብ። የመጨረሻው አኃዝ ስድስት ከሆነ ሙሉው አይገጥምም፣ ስምንት ከሆነ ይገጥማል። አቧራ ሸፍኖታል። ስድስት በሆነ ብዬ ተመኘሁ፣ የሌለ ነገር አያስመርጥም። በጥጥ ጠረግሁት። ስምንት።

እናቴ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ትል ነበር። እኔ ስድስት ዓመት አንዱም ዛፍ ላይ አልወጣሁ።


ሰኞ፣ መጋቢት 15። ከቀኑ 6 ሰዓት

ወጣ። ስሜ አለ። ደሴ።

የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ አቀፈችኝ። እስከ መጋ. 30 በጽሑፍ መልስ ስጪ፣ ወይ ተቀብያለሁ ወይ ትቻለሁ አለችኝ። ትቻለሁ የሚል ሰው አለ? አልኳት። እስከ ዛሬ የለም አለች።

ቢኒ በስልክ እልል አለ። ወንድ ልጅ እልል ሲል! ከዚያ፣ በቃ ትንሹን ልዘዝልሽ? አለ። እዘዝ ልል አፌን ከፈትኩና ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ደሴ ማን አለኝ? እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ተከራይቷል። ቢኒ አዲስ አበባ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እዚያም ብሄድ ሦስት በአራት ክፍል ነው። ግን ብርድ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ግ/ካ አይግልም። ቋንቋዬ አለ። መንገድ ላይ "ኧረ በአላህ!" ብሎ የሚያስቆመኝ ወሎዬ አለ። ይሄ ቀላል አይደለም።

ለእማማ ሲቲና አልነገርኩም። ለነገሩ ምናቸው ነኝ?


ረቡዕ፣ መጋቢት 17። ምሽት 1 ሰዓት

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። ሳልቸኩል ልጻፈው።

ኮምፒውተሩ የጻፈውን የማርመው የሀጂን ቅጂ በስፒከር ከፍቼ ነው፣ ድምፁን ከጽሑፉ ጋር እያስተያየሁ። ሁልጊዜ ከሰዓት። ዛሬ ግን የጾመ ሰው ጆሮ ላይ መጮህ ነውር መሰለኝና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ በሩ ተንኳኳ። እማማ ሲቲና። ደጄ ድረስ መጥተው አያውቁም።

«ሀጂ ዛሬ ታመመ?» አሉኝ።

አልገባኝም። በጣታቸው ማሽኑን አሳዩኝ። ሀጂ ዛሬ አልተናገረም፣ ምን ሆነ?

ደብተሬ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ጥላ የሚፈልግ ሰው ማንጎው ሥር ይቀመጣል፣ ጓሮው በሙሉ ጥላ ነው። የእኔ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ከዚያ ግድግዳ ላይ ጀርባቸውን ለጥፈው ከአምና ጀምሮ የባላቸውን ድምፅ ሲሰሙ ኖረዋል። እኔ እዚህ ውስጥ ብቻዬን ነኝ እያልኩ ለአንቺ እጽፋለሁ። መሃላችን ያለው አንድ ክንድ ጭቃ ነው።

ፋኑ ሲያጓራ እንደማይሰሙም ነገሩኝ። ወላሂ፣ ንፋሱ ሀጂን ይበላል አሉ። ንፋሱ መጥፎ ነው ያሉት ይሄንን ኖሯል።

ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሥልጠናውን አቁሜ ግ/ካውን አጠፋሁና ሀጂን እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ከፈትኳቸው። አለቀስኩ። ከአንቺ ምን እደብቃለሁ።


አርብ፣ መጋቢት 19። ከቀኑ 8 ሰዓት

መላ አገኘሁ! አርባውን ሰዓት ሜሞሪ ላይ እገለብጣለሁ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ውስጥ እከታለሁ፣ ለእማማ ሲቲና እሰጣለሁ። ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሲፈልጉ ይዘጋሉ። ፋን የለ፣ ግድግዳ የለ። እኔ ደግሞ ትንሹን ብሎክ ይዤ ደሴ።

ስፒከሩን ከገበያ አገኘሁ። አረንጓዴ ነው። ሐላስ፣ አለቀ። ኢድ ዕለት እሰጣቸዋለሁ፣ ዝውውሩንም ያኔ እነግራቸዋለሁ።

ለምን ደስ እንዳላለኝ አትጠይቂኝ።


እሁድ፣ መጋቢት 21። ምሽት 12 ሰዓት

ኢድ። እማማ ሲቲና አስጠሩኝ። ለእኔ በሌላ ድስት ባሚያ፣ ሥጋም ቅቤም የሌለው። ሁዳዴ መሆኔን አልረሱም። ስፒከሩ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ በበርታኛ ይሳሳቃሉ። ከእነሱ መሃል በርታኛ የማትችል አስቴር መጣች፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን። እማማ ሲቲና ገና ከበሩ፣ አንቺ፣ ለምን ዘገየ? ግባ፣ ብላ! አሏት። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ግሱ ተበላሽቷል፣ "አንቺ" ግን ልክ ነው። ለቡና ሻጯም አንቺ። ለስልክ ቤቷ ልጅም አንቺ። ወደ እኔ ዞሩና፣ አንተ፣ ባሚያው አይጥምም?

ቀኑን ሙሉ ቃል ስለቅም የምውል ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ይሄንን አልሰማሁም።

ሰው ሲሳሳ ጠየቅኳቸው። እማማ፣ ለሴቱ ሁሉ አንቺ ይላሉ፣ ለእኔ ብቻ አንተ፣ ለምንድን ነው? የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር አልኳቸው። ሳህን እያነሡ ነበር፣ አስቀመጡት። አፍረዋል።

«ሴት ልጅ ይሄዳል» አሉ። «ወንድ ልጅ ነው እናት ጎን ቤት የሚሠራው። እኔ ሦስት አንቺ ነበረኝ። ሦስቱም ሄደ። አንተ ካልኩ፣ አይሄድም ብዬ ነው።»

አንዷ ልጃቸው ባምባሲ አግብታለች፣ አንዷ ኩርሙክ። ሦስተኛዋ ከድንበሩ ማዶ ናት፣ እዚያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድምፅዋ የለም። ወንድ አልወለዱም።

ማለሽ፣ ቀልድ ነው አሉኝና ሳህኑን መልሰው አነሡ። ቀልድ አልነበረም። ስፒከሩን ሳልሰጥ፣ ዝውውሩን ሳልነግር ተመለስኩ።


ሰኞ፣ መጋቢት 22

ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ልበልህ መሰለኝ። ከአንተ በፊት የነበሩት ሦስቱ ደብተሮች ሁሉ ጠፍተውብኛል።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 27። ከቀኑ 5 ሰዓት

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በአንድ ተውላጠ ስም የሚታሰር ሰው አለ? ለአራት ጊዜ ያመለከትኩበት፣ ያለቀስኩበት፣ የተሳልኩበት ዝውውር ነው። ደሴ ብሄድ አንድ ቀን ትዳርም ይመጣ ይሆናል። እዚህ ግን የሚመጣው ሙቀት ብቻ ነው። እማማ ሲቲና ደግሞ ቅሪልኝ አላሉኝም። ቢሉኝ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የአዲስ አበባው አውቶብስ ሲጫን አየሁ። ፍራሽ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ማንጎ፣ የሚታጠፍ አልጋ። እንደ እኔው ያለ አልጋ። ባለቤቷ ወጣት ናት፣ ተዛውራ ነው መሰለኝ፣ ሸኚ የላትም። ረዳቱ ያለሽ ይሄ ብቻ ነው? ሲላት ሰማሁ። አዎ አለች፣ ኮርታ። ቀላል ነኝ ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የምኮራው።

አውቶብሱ ሲወጣ እጄን አነሣሁላት። አታውቀኝም፣ ግን መለሰችልኝ።

ቢኒ ሦስቴ ደውሏል። አላነሣሁም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 30። ከቀኑ 7 ሰዓት

ጻፍኩ። "ዝውውሩን ትቻለሁ።" አንድ መስመር፣ ፊርማ፣ ቀን። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ሁለቴ አነበበችው። አሞሻል እንዴ? አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ደህና ነኝ አልኳት።

ከዚያ ለቢኒ ደወልኩ። ሙሉውን አልኩት።

«እሱ እኮ አይመለስም» አለኝ።

ስምንት ቁጥር መሆኑን እንዳትረሳ አልኩት። ዘጋው። ተቀይሟል፣ ይቀየም፣ እኔም ብሆን እቀየማለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለና በቁጣ ድምፅ፣ ቱቦው ጥቁር ይሁን ነጭ? አለኝ። ጥቁር አልኩት፤ ነጩ ብርሃን ያስገባል፣ ውሃው አረንጓዴ ያወጣል። ራዲያተሩ መዳብ ይሁን አልኩት። የመካኒክ ምክር መሆኑን ስነግረው ሳያስበው ሳቀ።

አንተ ደብተር፣ እውነቱን ልንገርህ? ፈርቻለሁ። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልመጣም። ክፍሉ ያው ሦስት በአራት ነው። ማንም አላጨበጨበም። ምናልባት ነገ ይቆጨኝ ይሆናል፣ ምናልባት በክረምቱ። ለእማማ ሲቲና ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። ለእርስዎ ብዬ ቀረሁ ብላቸው ዕዳ ይሆንባቸዋል። እሱም ደግሞ ሙሉ እውነት አይደለም። ለራሴም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሀጂን እከፍታለሁ። እስከዚያ ግ/ካ ይረፍ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8። ከቀኑ 11 ሰዓት

ብሎኩ ትናንት መጣ፣ ከአዲስ አበባ በተመለሰ የግቢ ባልደረባ እጅ። ይከብዳል። ወርቅ፣ ብር፣ ብረት፤ አራተኛው መዳብ ሳይሆን አይቀርም።

ጠዋት የካርዱን የድሮ ማቀዝቀዣ ገነጠልኩ። እየተንቋቋ ለቀቀ፣ ልጥፉ ተቀደደ፣ እንደተባለው። ሙሉውን አስቀመጥኩበት። እያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳውን አወቀ። የባትሪውን ውሃ ሞላሁ፣ ወረቀት ከሥር አንጥፌ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

የቀረው የራዲያተሩ ቦታ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ፋን አልገጠምኩለትም። ክፍሉ ውስጥ ካደረግሁት ያንኑ ሙቀት ለእኔው ይመልስልኛል። መቀመጥ ያለበት በረንዳው ላይ፣ ዚሩ አጠገብ፣ ቀዝቀዝ ያለው ጥግ ላይ ነው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ቱቦ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ያስፈልጋል።

ወጣሁ። እማማ ሲቲና ቦታቸው ላይ ናቸው። እስከ ዛሬ ምንም አልነገርኳቸውም። ግድግዳውን ልብሳው? አልኳቸው። ቱቦ ላሳልፍ ነው፣ ከዚያ ንፋሱ ሀጂን አይበላም።

ግድግዳውን ሀጂ ራሳቸው ናቸው የመረጉት። እጃቸውን ጭቃው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እንደገና ጭቃውን። የሚሄድ ሰው ግድግዳ አይበሳም። እኔም ይሄንን አላልኩም፣ እሳቸውም አላሉም።

ተነሡ። ጓሮ ገቡ። የሀጂን ዲጅኖ እየጎተቱ መጡ፣ ከአጥሩም አንድ ክንድ ቀርከሃ ቆረጡ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቱቦዎቹን ከጭቃው እንዲጠብቅ። ግባ፣ ከውስጥ ሁን አሉኝ በእጃቸው። ገባሁ። ከውጭ ይወጉታል፣ በእኔ በኩል አቧራው ይረግፋል፣ አልጋዬ በሙሉ አፈር ሆነ። ከዚያ የዲጅኖው ጫፍ ብቅ አለ፣ ተመለሰ፣ በምትኩ ብርሃን ገባ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከወዲያ በኩል ዓይናቸው አለ።

«አንቺ» አሉኝ። «ና፣ ቀርከሃውን ያዝ።»

ግሱን ብቻ እንደ ልማዳቸው ሳቱት።